ዝናቡን የያዘው ሰው

ከወገዳ ቆላ፣ ስማዳ
ሐምሌ 8 ቀን 2015 ዓ.ም.

ከቤተ ልሔም ጉባኤ ቤት ዜማውን ጥሎ ለጠፋው፣ አምላክ ግን ሳይጥለው ባሕር ላሻገረው፣ ለእህቴ ልጅ ለፍቃዱ፤

ሰላምና ጤና ካንተ አይለዩ። እኛ ደህና ነን፤ ደህና ማለት እንግዲህ ቆመን እንሄዳለን ማለት ነው። ልጄ ሳሮን ወገዳ ማስተማሯን አልተወችም። ይህን ወረቀት በስልኳ ፎቶ አንስታ የምትልክልህ እሷ ናት፣ ኔትወርኩ ከፈቀደ። ያንተንም አሳትማ ታመጣልኛለች። እኔ በመስታወት ላይ ፊደል ማንበብ ዓይኔም ልቤም እንቢ ብሎኛል።

ስለ ክረምቱ ጠይቀኸኝ ነበር። ክረምት የሚባል ነገር የለም ልጄ። ሰኔ ሚካኤል ሲያልፍ አቦ አለ አልን፤ አቦም አለፈ። ጤፉን ዘራን፣ በቀለ፣ ብዙም ሳይቆይ ጠወለገ። መሬቱን ገልብጠን ሁለተኛ ዘራን። ደመናው ከበሽሎ በረሃ በኩል ጠቁሮ ይመጣና እላያችን ላይ ሲደርስ ይበተናል። የተሰጣ እህል ቢኖረን ኖሮ ይዘንባል ብለን እናነሣ ነበር፤ እሱም የለንም።

ሙቀቱ ደግሞ አይጣል ነው። በሐምሌ ጋቢ ላይ ደበሎ ደርቤ የምተኛው ሰውዬ ዛሬ በር ከፍቼ አድራለሁ። ቆላ ብንባልም ለወባ ከፍ ያልን ነበርን፤ ዛሬ እሷ እንኳ ከበረሃ ወጥታ እኛን ለማየት መጥታለች፤ በአያት በቅድመ አያቶቼ ዘመን ያልነበረ ነው። በሬዎቹ ከስተዋል። ሣር ከእስቴ በኩል በመኪና ይመጣል፣ ዋጋው ግን አይቀመስም። ለሣር መግዣ ትንሽ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል፤ ባይሆንልህም ምርቃቴን አልቀንስብህም።

የክርስትና አባትህ እሱባለው ደህና ነው። በወንዙ ዳር ባለችው መሬት ተካሰን፣ እኔ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ «ወሰኑ ወይራዋ ናት» ብዬ ምዬ ከረታሁት ወዲህ ሰላም አይለኝም። ስላንተ ግን በሰው ያስጠይቃል።

ደግሞ ሰው ሁሉ ምን እንደምትሠራ ይጠይቀኛል። አውሮፕላን ላይ ነው እላለሁ። «አብራሪ ነው?» ሲሉኝ ዝም እላለሁ፤ ዝም ማለት መዋሸት አይደለም። እስቲ ሥራህን በቅጡ ጻፍልኝ፣ እኔም በቅጡ ልኩራ።

አጎትህ መሪጌታ መንግሥቴ


ሰርዴኛ ደሴት፣ ጣሊያን
ሐምሌ 27 ቀን 2015 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴና ለመምህሬ ለየኔታ መንግሥቴ፤

ጉልበትዎን እየሳምኩ እንደምን ከርመዋል እላለሁ። እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንኩም። የሣሩን ገንዘብ በሳሮን አካውንት አስገብቻለሁ። ጨምሬ ልልክ አስቤ ነበር፣ የቤት ኪራዩ ቀደመኝ።

እዚህም ሙቀቱ ለጉድ ነው። ተራራው በእሳት ሲነድ ሰነበተ፤ አመዱ እየበረረ መጥቶ ልብሳችን ላይ ያርፋል። የምንቆምበት አስፋልት ጫማ ያሞቃል።

ሥራዬ ደህና ነው፣ አያስቡ። አውሮፕላን ሲያርፍ አስተናግዳለሁ፣ የሚያስፈልገውን አቀርባለሁ። አሁን የእንግዶቻችን ወር ስለሆነ ቀንና ሌሊቱ ተደባልቆብኛል። ለዚህ ነው ያሳጠርኩት። ለጋሽ እሱባለው ሰላምታዬን በሰው ይስደዱልኝ።

ልጅዎ ፍቃዱ


ከወገዳ ቆላ
ነሐሴ 9 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቃዱ፤

የፍልሰታ በረከት ይድረስህ። ሣሩ ተገዝቷል፣ በሬዎቹ መርቀውሃል። ስለ ሥራህ የጻፍኸውን ሁለት ጊዜ አነበብሁት፤ ከዚህ ይልቅ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ይገልጣል። ግድ የለም፣ ሲመችህ ትነግረኛለህ። ዛሬ የምጽፍልህ ሌላ ጉዳይ ነው፣ ቶሎ መልስልኝ።

ሁለተኛው ጤፍም ደረቀ። ጾሙ ሲፈታ ምሕላ ሊያዝ ነው። ሥርዓቱን ታውቀዋለህ። ምሕላ ከመያዙ በፊት የተጣላ ይታረቃል፣ የቀማ ይመልሳል፣ በሐሰት የማለ ወጥቶ ይናገራል። አለዚያ ጸሎቱ ከጣሪያ አያልፍም። ሽማግሌዎቹ ቤት ለቤት ሲዞሩ አንዱ ዶሮ ሰርቄያለሁ አለ። አንዷ እርሾ ተውሼ አልመለስሁም ብላ እንባዋን አፈሰሰች። በዚህ ሁሉ ስቄ ነበር። እኔ ቤት ሲደርሱ ግን ምንም ሳይሉ ተቀመጡ።

በመጨረሻ የደብራችን አስተዳዳሪ አለቃ መሐሪ አፋቸውን ከፈቱ። «መሪጌታ፣ ዝናቡ የተዛባው ከመሐላው ወዲህ ነው ይላል ሕዝቡ» አሉኝ። እሳቸው አምነውበት እንደሁ አላውቅም፤ ዓይናቸውን ግን ከመሬት አላነሡም። እኔ እኮ ምሕላውን የምመራው ሰው ነኝ። እኔ «እግዚኦ» ስል ሕዝቡ እኔን እያየ ዝናቡን የያዘብን ይኸ ነው የሚል ከሆነ ምኑን ጸሎት ሆነ?

ልሸሽግህ አልፈልግም፣ እኔም ተጠራጠርሁ። ወይራዋ በመብረቅ ወድቃ ጉቶዋም በስብሷል። በዚህ ዕድሜ ሰው ያየውንና የተመኘውን ይቀላቅላል። ዓይኔን ስጨፍን ወይራዋን አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ አያታለሁ። በሐሰት ምዬ ከሆነ፣ ይህ ሁሉ ሕፃን በእኔ ምክንያት ከተራበ፣ ለነፍሴ ወዮላት።

ከጉባኤ ቤት ለመኸር ስትመጣ በሬዎቹን እዚያች መሬት ላይ ትጠብቅ ነበር። ሙግቱ ሲነሣ አንተ ሊቢያ ነበርህና ምስክር አድርጌ ልጠራህ አልቻልሁም። አሁን ጠራሁህ። ወሰኑ የት ነበር? ለእኔ አድልተህ እንዳትጽፍ። እንደማልሁት ካልሆነ ወጥቼ እናገራለሁ። እንደማልሁት ከሆነ ወረቀትህን ይዤ እሱባለው ቤት እሄዳለሁ፤ እኔን ባያምን አንተን ያምናል።

ምሕላው በተክለ ሃይማኖት ዕለት ይጀመራል። ከዚያ በፊት ይድረሰኝ። ገንዘብ አትላክ፣ ይህን ብቻ ላክልኝ።

አጎትህ መንግሥቴ


ከወገዳ ቆላ
ጳጉሜን 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለፍቃዱ፤

ለአዲሱ ዓመት በሰላም ያድርስህ። መልስህን ስጠብቅ ሰነበትሁ። ሳሮን ደርሶታል፣ አንብቦታልም አለችኝ፤ ምልክቱ ስልኩ ላይ ይታያል አለች። ሥራ በዝቶብህ ይሆናል።

ምሕላው በሰላም ተያዘ። ከእሱባለው ጋር ታርቀናል፣ ተሳስመናል። በማግስቱም ዝናብ ዘነበ፣ ደስ ይበልህ። ስለ ወይራዋ ከእንግዲህ አታስብ፣ ነገሩ አልቋል።

መንግሥቴ

ፍቄ፣ ሳሮን ነኝ። አባባ ሳያዩ ነው ይህችን ከሥር የምጨምረው። ነገሩን አልነገሩህም። የምሕላው ዕለት ጠዋት ሕዝብ ፊት ቆመው «በሐሰት የማልሁት እኔ ነኝ» አሉ። መሬቷን ለጋሽ እሱባለው መለሱ። መቋሚያቸውን ለአለቃ አስረክበው ቀኖና ተቀበሉ፤ ከቅኔ ማኅሌት ወጥተው ደጀ ሰላሙ ጋ፣ ከበሩ ውጪ ቆመው ያስቀድሳሉ። እስከ መቼ እንደሆነ የሚነግረን የለም። በማግስቱ በእውነት ዘነበ። ሴቶቹ እልል አሉ። ያን ዕለት ነው አባባ ያለቀላቸው፣ ምክንያቱም ከዚያ ወዲህ ንጹሕ ናቸው ብሎ የሚያምን ሰው የለም። ዝናቡ የአንድ ከሰዓት ነበር፣ አልተመለሰም።

ቤት ውስጥ ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው እንዳልነበሩ ታውቃለህ፣ ዜማ ሲያንጎራጉሩ ነበር የሚውሉት። አሁን ቤቱ ጭር ብሏል። ጠየቅኳቸው፣ አይመልሱልኝም። አንተ ታውቃለህ፤ እውነት በሐሰት ምለው ነበር እንዴ? ለምን አልመለስክም?


ሰርዴኛ
መስከረም 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ይድረስ ለአጎቴ፣ ለመምህሬ፣ ለየኔታ፤

ጤናዎን ለመጠየቅ አፍራለሁ። ሰላምታውን ልዝለለውና የጠየቁኝን ልመልስ።

ወሰኑ ወይራዋ ናት። የማሉት እውነት ነው። አንድ ቀን ዳለቻ በሬያችን አምልጦኝ ወደ ጋሽ እሱባለው ሽምብራ ገባ። እሱ ራሱ ወይራዋ ሥር ተቀምጦ ምሳውን ይበላ ነበር። «ከወይራዋ ወዲህ የእኔ፣ ወዲያ የእናንተ ነው። በሬህስ አልተማረ፣ አንተ ተማሪ አይደለህም እንዴ?» ብሎ ሳቀብኝ። ከቂጣውም ቆርሶ ሰጠኝ። የኑግ ቂጣ ነበር።

ይህን ለመጻፍ ብዙ ጊዜ አይፈጅም ነበር። ደብዳቤዎ በጊዜው ደርሶኛል፣ በሁለት አውሮፕላን መሐል ቆሜ አነበብኩት። ያኔውኑ ልመልስ ብዬ «ዝናቡን የያዘው የእርስዎ መሐላ አይደለም» ብዬ ጀመርኩ። ከዚያ «ታዲያ ማነው የያዘው?» እንደሚሉኝ ታወቀኝ። መልሱን በእጄ ይዤው ነበርና ብዕሩ ከበደኝ። የእንግዶቹ ወር ይለፍ፣ ረጋ ብዬ እጽፋለሁ አልኩ። እንዲህ እያልኩ እርስዎን በር ላይ አቆምኩዎት።

የኔታ፣ እኔ ነዳጅ ቀጂ ነኝ። የምቀዳውም ለሕዝብ አውሮፕላን አይደለም። እያንዳንዱ የአንድ ባለጠጋ የግል አውሮፕላን ነው፤ ባለጠጋው አንዳንዴ ከሚስቱ ጋር፣ አንዳንዴ ከውሻው ጋር ይመጣል። ለምሳ መጥተው ለእራት የሚመለሱ አሉ። አንዱ ባለቤት ባሕሩ ላይ በመርከቡ ሲዝናና አውሮፕላኑ ባዶውን ሄዶ የረሳውን ልብስ ይዞለት ይመጣል። እኔም ያንኑ ዕለት መልሼ እሞላዋለሁ። መርከቧም ባዶ ክፍሎቿን ስታቀዘቅዝ ውላ ታድራለች። ለዚያ ለረሳው ልብስ የተቃጠለው ነዳጅ መንደራችን ሁሉ በዕድሜው ካነደደው ላምባ ሳይበልጥ አይቀርም እያልኩ አስባለሁ።

በሐምሌ ጥቂት ወጣቶች «ዓለሙን አሞቃችሁት» እያሉ አጥሩን ዘለው ገብተው የአንዱን አውሮፕላን ክንፍ ቀለም ቀቡት። ፖሊስ ሲወስዳቸው አንዷ ልጅ ቧንቧውን እንደያዝኩ አየችኝና ከየት ነህ አለችኝ። ከኢትዮጵያ አልኳት። ፖሊሶቹ ሲገፏት ዞራ ዞራ እያየችኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ነው ማንበብና ማዳመጥ የጀመርኩት። የሚቃጠለው ነዳጅ ጢስ ሰማይ ላይ ተከማችቶ ሙቀቱን አፍኖ ይይዛል ይላሉ የሚያጠኑት። ባሕሩ ይሞቃል፣ ዝናቡ ጊዜውንና መንገዱን ይስታል፣ የዘነበውንም መሬቱ ቶሎ ያደርቀዋል። ድርቅ ድሮም ነበር፤ ይህች አውሮፕላን የስማዳን ደመና ወሰደች ልል አልችልም። ነገር ግን ጥቂቶቹ ባለጠጎች ብቻቸውን የሚያጨሱት ከዓለም ሕዝብ ድሃው እኩሌታ ተሰብስቦ ከሚያጨሰው ይበልጣል ይላሉ። እናንተ ዶሮና እርሾ ስትናዘዙ እኔ እዚህ ነዳጅ እቀዳ ነበር። የሣሩም ገንዘብ ከዚያው የመጣ ነው።

ይህን ደብዳቤ ለአለቃ መሐሪና ለጋሽ እሱባለው ያንብቡላቸው። እባክዎ መቋሚያዎን ተቀብለው ወደ ቦታዎ ይመለሱ። እኔም ይህን ሥራ ልልቀቅ እያልኩ ነው፤ የእርስዎን ቃል እጠብቃለሁ።

በድዬዎታለሁና ይቅር ይበሉኝ።

ፍቃዱ


ከወገዳ ቆላ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለፍቃዱ፤

የይቅርታ አምላክ ይቅር ይበልህ፣ እኔስ ገና ሳላነበው ይቅር ብዬሃለሁ። መልሴ የዘገየው በቂም አይደለም። ኔትወርኩ ጠፍቶ፣ መንገዱም ተዘግቶ ነበር። ሳሮን ባሕር ዳር ወርዳ ሳለች ደብዳቤህን አገኘችው፤ አሳትማ በአርብ ገበያው ጨው ነጋዴ በኡሳማ እጅ ሰደደችልኝ። ኡሳማ ከአህያው ጋር በእግሩ መጥቶ፣ ቤት አጥቶኝ፣ ደጀ ሰላም ድረስ ፈልጎ ሰጠኝ። ውሃ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ፣ የሱን አምላክ አመስግኖ። እግዜር ይስጠው።

በቁሜ አነበብሁት። በሬህስ አልተማረ የሚለው ጋ ስደርስ ሳቄ መጣ፤ ይህ የእሱባለው አፍ ነው፣ ማንም ሊፈጥረው አይችልም። ቀጥሎ እንባዬ መጣ። እውነት ነበር የማልሁት! ፍቃዱ፣ ይህን በማወቄ ምን ያህል እንዳረፍሁ ልነግርህ አልችልም። መልስህ ሲቀር፣ እንደማልሁት ባይሆን ነው ዝም ያለኝ ብዬ ነበር ወጥቼ የተናገርሁት፤ ጥርጣሬው ነበር የሚበላኝ እንጂ በር ላይ መቆሙስ ለለመደው ምንም አይደል።

እሱባለው ከቅዳሴ ሲወጣ ምን ሆንህ አለኝ። ስለ ወይራዋ የጻፍኸውን ብቻ አነበብሁለት። ወረቀቱን ተቀብሎ አገላበጠው። ከዚያ «ቂጣውን አስታወስሁት፤ ወይራዋን ነበር የረሳሁት» አለኝ። ድሮም ሆዱ ነው የሚያስታውስለት። ወዲያው ግን ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ እንደ ልጅ አለቀሰ። መሬትህን ውሰድ አለኝ። ምኗን ትመልስልኛለህ አልሁት፤ ሽምብራው እንኳ አልበቀለባትም። አዝመራ የለም ልጄ። ዳለቻው፣ ያ በሬ ሳይሆን የልጅ ልጁ፣ በኅዳር ሚካኤል ሰሞን ሞተ። ለመሸጥ እንኳ ጊዜ አልሰጠንም።

እሱባለው አሁኑኑ አለቃ ዘንድ እንሂድ፣ ስምህን ላጥራልህ ብሎ ተነሣ። ጋቢውን ይዤ አስቀመጥሁት። ለምን እንደሆነ ለአንተም ልንገርህ።

ያ የአንድ ከሰዓት ዝናብ ሕዝቡን አሳመነው፤ ኃጢአተኛ ሲገኝ ይዘንባል ማለት ነው አለ። ዝናቡ ሳይመለስ ሲቀር ሌላ ፍለጋ ተነሡ። ዓይናቸው ያረፈው ባሏ የሞተባት ብርቱካን ላይ ነው። ከወንዝ ማዶ ስትመጣ ባሏን ያለ ፍትሐት ቀብራ ነው የመጣችው ይላሉ። ልጆቿን ከምንጩ ውሃ እንዳይቀዱ ከለከሏቸው። ከመንደር ትውጣ የሚሉም ነበሩ። በዚህ መሐል እኔ ንጹሕ ነኝ ብዬ ከበሩ ብነሣ፣ ቦታዬ ባዶ ሆኖ አያድርም፣ በማግስቱ እሷን ያቆሟታል።

ስለዚህ አለቃ መሐሪን ጠርቼ በሽማግሌዎቹ ፊት «ዝናቡን የያዝሁት እኔ ነኝ፣ ቀኖናዬን ገና አልጨረስሁም፤ ሴቲቱን ተዉአት» አልኋቸው። ተዉአት። ልጆቿም ውሃ ይቀዳሉ። እንግዲህ በእውነት ምዬ ሳለ፣ «በሐሰት ምያለሁ» ብዬ ዋሽቻለሁ። ለዚህኛው ኃጢአት የንስሐ አባቴ ቀኖና የሚያገኙለት አይመስለኝም።

ስለ ሥራህ ጠይቀኸኛል። አትልቀቅ። አንተ ብትለቅ ቧንቧውን ነገ ሌላ የድሃ ልጅ ይይዘዋል፣ አንተም ትራባለህ፣ አውሮፕላኑም ከመብረር አይቀርም። የምትልከውም ገንዘብ ይምጣ። ለእኔ ሳይሆን ለብርቱካን ልጆች ነው፤ የራቡት እነሱ ናቸው፣ ከየትም ይምጣ።

ስለ ባለጠጎቹ የጻፍኸውን በሌላ ቀን ለአለቃ ብቻ አነበብሁላቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። አልተቆጡም፣ መስቀላቸውን እያሻሹ ብዙ አሰቡ። ሲለዩኝ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እነዚያ ሰዎች የንስሐ አባት አላቸው?» አሉኝ። እኛ ዘንድ እርሾ የበላችው እንኳ ወጥታ ተናግራለች። እነሱን ሽማግሌ የሚልክባቸው፣ ደጃቸው ተቀምጦ ዝም የሚላቸው ሰው ከሌለ፣ እንዴት አድርገው ያውቁታል?

እንግዲህ ልመናዬ ይህ ነው። ከእነሱ አንዱ ነዳጅ ስትቀዳ ሰላም ቢልህ ንገረው። ስማዳ በምትባል አገር አንድ ሽማግሌ በአንተ ፋንታ ደጀ ሰላም ቆሟል በለው። ይፈር ብዬ አይደለም፣ እርግማንም የለኝም። ጉልበቴ ደክሟል፣ ከዚህ የበለጠ መቆም አልችልም። መጥቶ ተራውን ይቀበለኝ።

አጎትህ መንግሥቴ